ዘበኛ ነኝ ያለው ወጥ ሠሪ

ቱፋ ባይሳ ስድስት ወር ሙሉ ለሚስቱ ዘበኛ ነኝ እያለ ኖረ። ውሸቱን ሲጀምር ለአንድ ሳምንት ብቻ መስሎት ነበር። ጠዋት ጠዋት ካኪ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ "እንግዲህ በሩ ላይ ልቁም" ብሎ ከቤቱ ይወጣል። የሚሠራበት ተማሪ ቤት ሲደርስ ካፖርቱን ምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ዱላውን ከማገዶው ጋር ያስደግፋል፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሽንኩርት መላጥ ይጀምራል።

ቱፋ የእንጭኒ ሰው ነው። የአባቱ መሬት ለሁለት ወንድማማቾች የምትበቃ ስላልነበረች ለታላቁ ትቶለት መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ አምቦ ገባ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ትባል እንጂ፣ እሱም የሚያውቀው ሰው ሁሉም አምቦ ነበር የሚላት። እዚያ ባሕር ዛፍ እየፈለጠ ሲኖር፣ ከጊንጪ ወዲያ ደንዲ ከሚኖሩት ከኦቦ ፈይሳ ቤት ቦጋለችን አገባ። ጎጆአቸው ሁሉቃ ወንዝ ዳር ነበረች። ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ ገበያ ሲወጡ በአማርኛ ያወራሉ፤ አንዳንዴም በአንዱ የጀመሩትን በሌላው ይጨርሱታል። ቱፋ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ እንጨት ሲፈልጥ እንኳ እንደ ሌሎቹ "እህ!" የማይል ሰው ነበር።

በሳምንት ሦስት ቀን የአዳሪ ተማሪ ቤቱን ማገዶ የሚፈልጠው እሱ ነው። በ1948 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ጉማጅ እየፈለጠ ሳለ ከበስተኋላው ጩኸት ሰማ።

"አንተ ሰውዬ! መጥረቢያውን ጣልና ና ቶሎ!"

የጮኹት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነበሩ። የአዲስ ዓለም ሴት ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ከትልቁ ድስት እምብዛም የማይበልጥ። ረዳታቸው በዚያው ማለዳ የወንድሟን መርዶ ሰምታ ወደ ጉደር ሄዳለች። የሁለት መቶ አርባ ተማሪ ቅንጬ ደግሞ እሳት ላይ ተጥዶ ይንተከተካል።

"እኔን ነው?" አለ ቱፋ።

"ሌላ ሰው አለ እንዴ እዚህ? እጅህን ታጠብና ማማሰያውን ያዝ!"

ማማሰያው ቁመቱ የሰው ያህል ነበር። ቱፋ ጨበጠውና ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ በጭልፋ ክንዱን መታ አደረጉት።

"ከታች ቧጥጠው! ላዩንማ ማንም ያማስለዋል። የሚያርረው ታቹ ነው።"

ከታች ቧጠጠው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያርፍ አማሰለ። መጀመሪያ ውሃና እህል ተለያይተው ይዞሩ ነበር፤ ቀስ በቀስ ማማሰያው እየከበደው፣ ቅንጬው እየተያያዘ መጣ። ወዙ ሲወጣና ከድስቱ ጎን መላቀቅ ሲጀምር ሳይነግሩት ገባው። ቀና ብሎ አያቸው።

"በቃ ማለት ነው?"

"ማን ነገረህ?"

"እንዲሁ መሰለኝ።"

ወይዘሮ ወሰንየለሽ እሳቱን ከሥሩ ጎትተው አወጡና ቂቤውን ጣሉበት።

ደወሉ፣ ማለትም በገመድ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ፣ ተደወለ። ተማሪዎቹ ተንጋግተው ምግብ አዳራሹ ገቡ። ወንበሩ ሲጎተት፣ ሣህኑ ሲንኳኳ፣ የወለጋው ከጎጃሙ፣ የሐረርጌው ከአርሲው ጋር ሲጯጯህ ቱፋ እንዲህ ያለ ሁካታ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ቅንጬው ታደለ። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ ጸጥ አለ። ቱፋ ደንግጦ በምግብ ማቀበያው መስኮት አጮለቀ።

"ምን ሆኑ?"

"ምን ይሆናሉ፣ እየበሉ ነው" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

ቱፋ መስኮቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ዐሥር ዓመት እንጨት ፈልጧል። የፈለጠው እንጨት የት ገብቶ ምን እንዳበሰለ፣ ማንን እንዳሞቀ አያውቅም። ፈልጦ፣ ከምሮ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ይኼኛው ግን ጠዋት ተጀምሮ እዚያው ጠዋት፣ ዐይኑ እያየ አለቀ። ደግሞም አማረ። በማግስቱ የፈለጣ ቀኑ አልነበረም፤ እሱ ግን ከፀሐይ ቀድሞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተገኘ።

"ምን ረሳህ?" አሉት ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

"ምንም። ረዳትዎ ካልተመለሰች ብዬ ነው።"

ረዳቲቱ ጉደር ቀረች፤ የወንድሟን ልጆች የሚያሳድግ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቱፋን ይዘውት ዳይሬክተሩ ዘንድ ገቡ። ዳይሬክተሩ አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚረሱ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። የወጥ ቤት ረዳት ብለው ቀጠሩትና ወረቀቱን ፈረሙለት። ቱፋ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አልወጣ አለ።

"ምነው ቱፋ፣ የቀረ ነገር አለ?"

"ጌታዬ፣ ወረቀቱ ላይ ዘበኛ ቢባል አይሻልም?"

"ዘበኛውንስ ታዲያ ምን ልበለው?"

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሳቁ። "በአዲስ አበባ ሆቴል ቤቶች ወጥ የሚሠራው ወንድ አይደለም እንዴ? ምኑ ነው ያሳፈረህ?"

አዲስ አበባ ሌላ ነው። እንጭኒ ግን ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ከታየ እስኪሞት ስም ይወጣለታል። ቱፋ ይህን አሰበ፣ የወንድሙን ሳቅ አሰበ፣ የአማቱን የኦቦ ፈይሳን ፊት አሰበ። ማታ ለቦጋለች ወረቀቱን አሳያት። እሷም እንደ እሱ ማንበብ አትችልም።

"ምን ይላል?"

"ዘበኛ ይላል።"

እልል አለች። ጎረቤታቸው ጉዴ እልልታውን ሰምታ መጣችና ሁለቱም እልል አሉ። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ከበደው።

ወሬው እንዳይወጣ ብዙ ተጨነቀ። ሽንኩርትና በርበሬው ልብሱ ላይ እንዳይሸት ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ሁሉቃ ወርዶ ይታጠባል። ቦጋለች "የዚህ ተማሪ ቤት በር ምን ዓይነት ነው፣ ሰውን እንዲህ በርበሬ በርበሬ የሚያሸተው?" ስትለው "ወጥ ቤቱ አጠገብ ነው የምቆመው" ይላታል። ግን ግቢው ውስጥ ከገባ በኋላ ጭንቀቱ ሁሉ ከካፖርቱ ጋር ምስማሩ ላይ ይንጠለጠላል።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አስተማሪነታቸው ቁጣ የበዛበት ነበር። ሽንኩርቱን በዐይን ሳይሆን በጆሮ እንዲያውቀው አደረጉት፤ ውሃው እስኪመጥ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው፣ ከመጠጠ በኋላ የሚያሰማው ሌላ። ዐይኑን በነጠላቸው ሸፍነው "አሁንስ?" ይሉታል። ሲሳሳት በጭልፋ፣ ሲያገኘው በዝምታ። ልኩ ሁሉ በጣሳ ነበር፦ ለሽሮው ይህን ያህል ጣሳ፣ ለክኩ ይህን ያህል። ቱፋ ልኩን በሁለት ሳምንት ጨረሰው። ከዚያ ልኩ የማይናገረውን መማር ጀመረ፤ የዘንድሮው ምስር ካምናው ይልቅ ውሃ እንደሚጠጣ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ የነደደበት ቀን ወጡ ቀደም ብሎ መጣድ እንዳለበት። እሳቱን ማንም እንደ እሱ አላወቀበትም። የትኛው ፍልጥ ቶሎ ነድዶ እንደሚከስም፣ የትኛው ፍሙ ለረጅም ሰዓት እንደሚቆይ በዐሥር ዓመት ፈለጣ በእጁ ያውቀዋልና ወይዘሮ ወሰንየለሽ እሳቱን ሙሉ በሙሉ ለቀቁለት።

ከየቀኑ ሥራ ሁሉ የሚወደው ከምሳ በፊት ያለችውን አጭር ጊዜ ነበር። ወጡ ደርሷል፣ እንጀራው ተደርድሯል፣ ቸርኬው ገና አልተደወለም። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ወይዘሮ ወሰንየለሽ አንድ ቀን እንዲያ ተቀምጦ ለብቻው ሲስቅ አገኙትና፣ "ምን አገኘህ?" አሉት። "ኧረ ምንም" አለ። እውነቱን ነው፤ ምንም አልነበረም። ደስ ብሎት ነው።

በመጋቢት ቦጋለች ወለደች። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበረች፣ ሴት። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ከዚያም ትኩሳት ያዛትና ሦስት ሳምንት ከመደብ ሳትነሣ ቀረች። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ እህት የላትም። ያለችው ጉዴ ናት፤ እሷም አምስት ልጆች አሏት፣ ገበያ አለባት። በሆነላት ቀን ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ባልሆነላት ቀን አትመጣም። ቱፋ ጠዋት ቂጣና ውሃ መደቡ አጠገብ አኑሮ ይሄዳል። ማታ ዳቦ በካፖርቱ ኪስ ይዞ ይመጣና ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ምድጃው ጠፍቶ ነው የሚያገኘው፤ ለብርድ ያነድደዋል፤ ድስት ግን አይጥድበትም።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ተማሪ ቤቱን አዳረሰው። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በትኩሳት ተኙ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ለታመሙት አጥሚት እንዲያዘጋጅ ቱፋን አዘዙት። የገብሱን ዱቄት በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ እየደጋገመ አፍልቶ፣ በማር አጣፍጦ በየአልጋቸው አደረሰላቸው። አንዱ ተማሪ አልውጥ ብሎ ቢያስቸግረው አጠገቡ ተቀምጦ በማንኪያ አጠጣው።

በዚያች ቀን፣ ቅዳሜ ነበረች፣ አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲገባ ቦጋለች ከመደቡ ላይ ቀና አለች። ከንፈሯ ደርቋል።

"አጥሚት ብጤ ባገኝ" አለች።

"ጉዴን ልጥራት" ብሎ ወጣ። ጉዴ ከገበያ አልተመለሰችም። ተመልሶ "የለችም" አላትና ተቀመጠ። ቦጋለች ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ቱፋ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ስለዚያች ምሽት አስቧል። ክፋት አልነበረበትም። እንቢ ብሎም አይደለም። ቀን አጥሚት የሠራው እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ያ እጅ እዚህ ቤት ውስጥም መሥራት እንደሚችል ሐሳቡ አልመጣለትም። የተማሪ ቤቱ ምድጃና የቤቱ ምድጃ ለእሱ ሁለት አገር ነበሩ።

ቦጋለች ዳነች። ሕፃኗም ደህና ሆነች፤ ወርቄ አሏት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ተማሪ ቤቱ ዓመቱን ሲዘጋ የከተማውን ሰው ጠርቶ በዓል አደረገ። ቱፋ ስለ ጥሪው ለቦጋለች አልነገራትም። ጉዴ ግን ከገበያ ሰማችና፣ "ባልሽ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ አናየውም እንዴ?" ብላ ይዛት ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነበር። ጉዴ "ውስጥ ይሆናል" አለችና ገቡ፤ ሜዳው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ።

ሽልማት ሆነ። የትምህርት፣ የጠባይ፣ የስፖርት። በመጨረሻ አቶ ሀብተሥላሴ ተነሥተው መነጽራቸውን ካወረዱ በኋላ አንድ ወረቀት አነበቡ።

"በመጋቢት ወር ልጆቻችን በትኩሳት በወደቁ ጊዜ፣ ሌሊትና ቀን ሳይል አጥሚት እያዘጋጀ በየአልጋቸው ላደረሰ፣ ለወጥ ቤት ረዳት ለቱፋ ባይሳ፣ አንድ ብርድ ልብስ።"

ተማሪው ሜዳውን አናጋው። "ጋሽ ቱፋ! ጋሽ ቱፋ!" ሁለት ጎበዞች ወጥ ቤት ገብተው እጁን ጎትተው አወጡት። ሽርጡን እንኳ አልፈታም ነበር። ብርድ ልብሱን ተቀብሎ እጅ ነሥቶ ቀና ሲል ዐይኑ ከቦጋለች ዐይን ጋር ገጠመ። ጉዴ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ቦጋለች አልሳቀችም።

ቱፋ ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገዱ ሁሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። ሥራ ነው፣ አዲስ አበባ ወንዶች ይሠሩታል፣ ዳይሬክተሩ ራሳቸው አክብረውኛል ሊል። ሲገባ ቦጋለች ልጇን ታጠባለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከታኅሣሥ። ቦጋለች፣ ሥራ እኮ ነው፣ አዲስ አበባ..."

"ከታኅሣሥ" አለች ቀስ ብላ። "እንግዲያው በመጋቢት ታውቅበት ነበር።"

ቱፋ የተሸለመውን ብርድ ልብስ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

"ለሰው ልጆች በየአልጋቸው ወስደህላቸዋል። እኔ ያን ቀን ለመንኩህ። አንድ ጊዜ ነው የለመንኩህ። ጉዴ የለችም ብለህ ተቀመጥክ።"

"አልታሰበኝም።"

"እሱን ነው የምልህ" አለች።

በማግስቱ ወርቄን አዝላ፣ ወደ ጊንጪ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍራ አባቷ ቤት ገባች። ክረምቱ ገባ፣ ተማሪ ቤቱ ተዘጋ። ቱፋ ብቻውን ከረመ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን እንጨት ይፈልጣል፤ ሲዘንብ ይቀመጣል። አንድ ቀን ራበውና ምስር ክክ ጣደ። ሲበላው ምንም አልጣፈጠውም፤ ግን ድስቱን አጥቦ ሰቀለው።

ነሐሴ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኖ ደንዲ ሄደ። ኦቦ ፈይሳ ቁጣቸው አልበረደም ነበር። "አካም ጅርታ?" እንኳ ሳይሉት ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ።

"ልጄን ለጎልማሳ ነው የሰጠሁት። ሰውየው ሽርጥ ታጥቆ ማንኪያ ይዞ ሰው ፊት ይወጣል። ልጄ ብትሸሽ ይፈረድባታል?"

አንደኛው ሽማግሌ ሥራ ነውር እንደሌለው ተናገረ። ሁለተኛው ነውር አለው፣ ግን ይቅር ይባል አለ። ኦቦ ፈይሳ ዘበኝነት ከተገኘለት ልጄን እመልሳለሁ አሉ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ዳይሬክተሩን ማነጋገር እንደሚቻል አነሣ። እንዲህ ሲባባሉ ጓዳ ያለችው ቦጋለች ብቅ አለች።

"አባባ፣ እሱ አይደለም የከፋኝ።"

"ምን?"

"ምግብ መሥራቱ አይደለም። ይሥራ። ለእኔ አለመሥራቱ ነው።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ፈይሳ ነገሩ አልገባቸውም፤ "ደግሞ ለአንቺ ለምን ይሠራል፣ አንቺ እያለሽ?" አሉ። ቱፋ ግን ተነሣና መሬት እያየ ተናገረ።

"ልክ ናት። እሷ ታማ እኔ ተቀምጬ ነበር። አልታሰበኝም ስላት ይብስ ከፋት፤ አሁን ሳስበው እኔም የሚከፋኝ እሱ ነው። ሽማግሌ የሚዳኘው ነገር የለበትም።"

ቦጋለች መልሳ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያ ቀን አብራው አልተመለሰችም። የመጣችው በመስቀል ማግስት ነበር፣ አባቷ በበቅሎ እስከ ጊንጪ ሸኝተዋት። ቱፋ ይቅርታውን ደግሞ ሊያነሣ ሲል "ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ ተወው" አለችው።

እሑድ ተማሪ ቤቱ ለቱፋ ግማሽ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው እሑድ በሩን ዘጋና ሽሮ ጣደ። እዚህ ላይ ያላሰበው ነገር ገጠመው፦ ለሁለት መቶ አርባ ሰው እንጂ ለሁለት ሰው መሥራት አያውቅም። እጁ ልኩን እንቢ አለው። ሽሮው ድስቱን ሞልቶ ወደ ሌላ ድስት ተገለበጠ፣ ጨዉም ከሁለቱም ድስት በላይ ነበር። ቦጋለች ቀመሰችና ዐይኗን ጨፈነች።

"ለተማሪዎቹም እንዲህ ነው የምትሠራላቸው?"

"እነሱ ብዙ ናቸው፣ ይካፈሉታል" አለ ቱፋ።

ቦጋለች ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የጉዴ ልጆች ሽሮውን ሁለት ቀን በሉት። ጉዴም ማን እንደሠራው ጠይቃ ሳትጨርስ ለመንደሩ ነገረች፤ ከዚያ ወዲህ በሩን መዝጋት ምንም ስላልጠቀመ ክፍት ሆኖ ይሠራ ጀመር። መንደሩ ሳቀ፣ ስም አወጣለት፣ ሌላ ወሬ ሲያገኝ ደግሞ ተወው። እንጭኒ ያለው ወንድሙ አንድ ዓመት ሙሉ አላነጋገረውም፤ ኋላ ልጁን ተማሪ ቤት ማስገባት ፈልጎ ራሱ መጣ።

በ1951 ዓ.ም. ቦጋለች ሁለተኛዋን ልጅ ወለደች። የመንደሩ ሴቶች እንደ ደንቡ ማርቃ ሊያገነፉላት ሲመጡ ቱፋ ምድጃው አጠገብ ተንበርክኮ ገንፎውን ያገነፋል።

"ውጣ እንጂ! ይህ የሴት ቤት ነው!" አለች ጉዴ።

"ተዪው" አለች ቦጋለች ከመደቡ ላይ ሆና። "እጁ ጠንካራ ነው፣ ጓል አይተውበትም።"

ሴቶቹ ተሳስቀው ዙሪያውን ተቀመጡና ሲያማስል አዩት። ገንፎው ከእጃቸው እንደሚወጣው ልስልስ አለ። አንዷ "ትንሽ ቀጠነ" አለች፤ ሁሉም ግን በሉ።

በተማሪ ቤቱም ዓመታቱ ይሄዱ ነበር። አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ነቀምቴ ተዛወሩ፣ ሌላ ዳይሬክተር መጣ። ተማሪው ሦስት መቶ ሃምሳ ደረሰ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዳንዶቹ አስተማሪ፣ አንዳንዶቹ የእርሻ መኮንን ሆነው በአምቦ ሲያልፉ ወጥ ቤቱ ብቅ ይላሉ። አንዱ ክራቫት አስሮ መጥቶ "ጋሽ ቱፋ፣ አስታወሱኝ?" ብሎ ቆመ። ቱፋ ስሙን አላስታወሰም። "አንተ ጎመን የማትበላው ነህ" አለው። ሰውየው እስካሁንም እንደማይበላ ነገረው።

የወይዘሮ ወሰንየለሽ ዐይን በጢስ እየደከመ ሄደ። በኋላ በርበሬውን ከሽሮው የሚለዩት በማሽተት ብቻ ሆነ። ቱፋ ሥራውን ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ወሰደ፤ ግን በየቀኑ ከማቅረቡ በፊት ጭልፋውን ይዞ ወደ ወንበራቸው ይሄዳል። እሳቸው ይቀምሳሉ፣ አንዳንዴ "እሺ" ይላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ጎደለው ይሉታል። በ1958 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ጡረታቸው ተፈቅዶ ወደ አዲስ ዓለም፣ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሆነ። በመጨረሻው ጠዋት የምሳውን ቀይ ወጥ አቀረበላቸው።

ቀመሱት። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ እያደረጉ ቆዩ።

"ጨው አንሶታል።"

አላነሰውም ነበር። ቱፋ ያውቀዋል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ምላሳቸውም እንደ ዐይናቸው እየደከመ ነው። "እሺ እትዬ" አለና ወደ ድስቱ ተመልሶ ቁንጥር ጨው ጣለበት።

"አሁንስ?"

"አሁን ደህና ነው" አሉ።

ቦጋለች ለመንገድ የሚሆን ጭኮ በሣጥን አድርጋ አምጥታ ነበር። ሦስቱ አብረው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ የቱፋን እጅ ያዙና መዳፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ በመጥረቢያው የወፈረው ቆዳ ለስልሶ፣ የእሳት ጠባሳ ቦታውን ይዟል።

"ያን ዕለት ሌላ ሰው ቢኖር እሱን ነበር የምጠራው" አሉት።

"አውቃለሁ" አለ ቱፋ።

"ባይኖር ጥሩ ሆነ" ብለው ተሳፈሩ።

አውቶቡሱ በአዲስ ዓለም መንገድ ላይ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ቦጋለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። "ና እንግዲህ ወደ ቤት እንሂድ፣ ዛሬ አትመለስም አይደል?" አለችው።

ቱፋ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ረዳቶቹ ሁለቱም አዲሶች ናቸው፣ ለእራት የተመደበው ሦስት ኬሻ ድንች ገና አልተላጠም።

"ድንቹን ካላስጀመርኳቸው አያደርሱትም" አላት።

"እንግዲያው እኔም ልምጣ፣ ቢላ አላችሁ?"

"አለ።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የተማሪ ቤቱን ዳገት ወጡ።